ዘንቢሏ ከበሩ ጀርባ

ዛሬ ሐምሌ 30 ነው። ጠዋት ስነሳ እማዬ ዘንቢሏን ከበሩ ጀርባ አውጥታ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ዘርግፋ እየፈተሸች ነበር፣ በየአመቱ በዚ ቀን እንዲ ታደርጋለች። የቤቱ ካርታ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ መታወቂያዎች፣ የኔና የእህቴ የትምህርት ማስረጃ፣ የግፊት መድሃኒቷ፣ ባትሪ ከነ ትርፍ ድንጋዩ፣ ክብሪትና ሻማ፣ አንድ ነጠላ፣ አንድ ትንሽ የፎቶ አልበም፣ እና በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ። ያምናውን ቆሎ አውጥታ ለልጆች ሰጠችና አዲስ ቆላች። መድሃኒቱን ቀኑ እንዳላለፈ እንዳነብላት ሰጠችኝ፣ አነበብኩላት፣ መልሳ ከተተችው።

ድሬ ላደገ ሰው ሐምሌ 30 ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። 1998 ላይ በዚ ቀን ሌሊት ነው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የመጣው። ከ250 በላይ ሰው ሞቷል፣ ስንት ሺህ ሰው ደግሞ ትምህርት ቤትና ድንኳን ውስጥ ከርሟል፣ እኛም ከነሱ ውስጥ ነበርን። ደቻቱን የማያውቅ ሰው ወንዝ ሲባል ውሃ ይመስለዋል፣ ደቻቱ ግን አብዛኛውን አመት አሸዋ ነው፣ ከዚራና መጋላ የሚባሉትን ሰፈሮች የሚለይ ሰፊ ደረቅ አሸዋ፣ ሰው በእግሩ የሚያቋርጠው፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ነጋዴ ሸራ ወጥሮ የሚሸጥበት። ውሃው ከላይ ነው የሚመጣው፣ ከደንገጎ በኩል ካለው ደጋ። እኛ ጋ ትንሽ ሲያካፋ እዛ ላይ ሌላ ነገር እየሆነ ሊሆን ይችላል፣ ታች ያለ ሰው የሚያየው ነገር የለም፣ ከዛ ሌሊት ተኝተህ ይደርስብሃል።

ያኔ አስራ አምስት አመቴ ነው፣ እህቴ አስር። ቤታችን ወንዙ ዳር ነበር። እማዬ ቀን ሙሉ ደንገጎን እያየች ጥቁር ብሏል ጥቁር ብሏል ትል ነበር፣ ማንም አልሰማትም፣ እኔም አልሰማኋትም። ሌሊት ድምፁን የሰማችው እሷ ናት። ባቡር ነው የመሰለኝ ትላለች እስከዛሬ፣ አባባ ምድር ባቡር ስለሚሰራ የባቡር ድምፅ ለሷ የቤት ድምፅ ነው፣ ግን በዛ ሰዓት የሚመጣ ባቡር እንደሌለ ታውቃለች። ቀሰቀሰችን፣ ጫማ እንኳን አላስደረገችንም፣ እህቴን አዝላ እኔን ጎትታ ወጣን። በሩን ስንከፍት ውሃው ደረጃው ላይ ነበር።

አዬዮም አብራን ወጥታ ነበር። አዬዮ ጎረቤታችን ናት፣ ሶማሌ አሮጊት፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አያቱ እስኪመስለው አዬዮ ነበር የሚላት፣ ፋሲካ ከኛ ጋ ትበላለች እኛ ደግሞ ኢድ ሲሆን ከሷ ቤት አንጠፋም። ከፍ ያለው መንገድ ላይ ደርሰን ሳለ የሆነ ነገር ረስቻለሁ ብላ ተመለሰች። ምን እንደሆነ እስካሁን አናውቅም፣ ወርቅም ሊሆን ይችላል ፍየሎቿም ሊሆኑ ይችላሉ። እማዬ ተይ አቦ ብላ ጮኸች፣ ግን እህቴ ጀርባዋ ላይ ናት፣ በአንድ እጇ እኔን ይዛለች፣ ሌላ እጅ አልነበራትም። አዬዮን ከዛ በኋላ አላየናትም። እማዬ ስለዛ ሌሊት ሲነሳ የምታወራው ስለ ቤቱ አይደለም፣ ስለ እቃውም አይደለም፣ ሁሌ እጇን እያየች ነው የምታወራው።

ከዛ ወዲህ ነው ዘንቢሏ የመጣችው። አሁን የምንኖረው ሳቢያን ነው፣ ደቻቱ ከኛ ሩቅ ነው፣ ግን ዘንቢሏ ከበሩ ጀርባ አልተነሳችም። ልጆች ሆነን እናፍር ነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ሸፍኚያት እንላት ነበር፣ እህቴማ አንዴ ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቃባት ቤቱ ተተራመሰ። እኔ ብዙ አመት ሴትየዋ ፍርሃቱ አልለቀቃትም ብዬ ነው የማስበው የነበረው፣ ሰው ሲጠይቀኝም እንደዛ ነበር የምመልሰው፣ አሁን ያንን በማለቴ ይቆጨኛል።

እህቴ ዲቪ ደርሷት ከሄደች ቆይቷል። ካሊፎርኒያ ናት፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ አልታዲና የምትባል ቦታ ተከራይታ ነበር የምትኖረው፣ ተራራ ስር ያለች ዛፍ የበዛባት ሰፈር። ቪዲዮ ላይ ስታሳየኝ ተራራው ደንገጎን ነው የሚመስለኝ ትለኝ ነበር። ባሏ ከባድ መኪና ይነዳል፣ ብዙ ጊዜ ቤት የለም፣ አንድ የአራት አመት ልጅ አለቻቸው።

ባለፈው ገና ማለትም ታህሳስ 29፣ 2017 ሙሉ ቀን እንግዳ ሲወጣ ሲገባ ውለን ደክሞን ተኛን። ሊነጋጋ ሲል ስልክ ጮኸ። ያን ሰሞን እኛ አገር ወሬው ሁሉ የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር፣ አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ አካባቢ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን እየለቀቀ ነበር፣ ስለዚ የሷን ስም ሳይ ስለኛ ሰግታ የደወለች መሰለኝ። ደህና ነን እኛ ጋ ምንም የለም አልኳት ገና ሄሎ ሳትል። እሷ ግን ካሜራውን አዞረችው። ተራራው ቀይ ነበር።

እኔ የማውቀው የተራራ እሳት በ2011 ስሜን ተራሮች ሲቃጠል በቲቪ ያየሁት ነው፣ ገበሬው በቅጠልና በአፈር እየመታ ሲያጠፋ፣ በመጨረሻ ከኬንያ ሄሊኮፕተር ከእስራኤል ደግሞ ባለሙያ መጥቶ። ስለዚ አሜሪካ ናቸው አይሮፕላን አላቸው ያጠፉታል አልኳት። ንፋሱ አላስነሳቸውም አለችኝ። ተራራው ላይ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሚነፍሰው፣ ሳንታ አና ይሉታል፣ ከበረሃ ወደ ባህር የሚወርድ ደረቅ ንፋስ ነው፣ ከግንቦት ጀምሮ ደግሞ ዝናብ የሚባል ነገር ጠብ አላለም ማለት ይቻላል። እሳቱ በእግሩ እየሄደ አይደለም የሚመጣው፣ ፍንጣሪው በንፋስ ተነስቶ ከዋናው እሳት ርቆ ሄዶ ጣራ ላይ፣ አሸንዳ ውስጥ ያለ ደረቅ ቅጠል ላይ፣ አጥር ላይ ያርፋል። እሳቱ ገና ሩቅ ነው ስትል ጀርባህ ያለው ቤት ተያይዟል።

በነሱ በዛው ቀን ጠዋት ደግሞ በባህሩ በኩል ፓሊሴድስ በሚባለው ሰፈር ሌላ እሳት ተነስቶ ነበር። ሁሉም ባንዴ ሲወጣ መንገዱ ተዘግቶ ሰው መኪናውን ጥሎ በእግሩ ሲሮጥ፣ በኋላ ዶዘር መጥቶ የቆሙትን መኪናዎች እየገፋ ሲጠርግ እህቴ ስራ ቦታ በቲቪ አይታዋለች። ቤቷ የገባችው ያንን እያሰበች ነው። የነሱ እሳት የተነሳው በነሱ ሰዓት ምሽት 12 ሰዓት ከ18 ገደማ ነው፣ ኢተን በሚባለው ሸለቆ በኩል። እዛ ሁለት አይነት መልእክት አለ፣ አንዱ ማስጠንቀቂያ ነው ተዘጋጁ የሚል፣ ሌላው ትእዛዝ ነው አሁኑኑ ውጡ የሚል። እሷ ያለችበት ምዕራቡ ክፍል ነው፣ ስልኳ ላይ ውጪ የሚል ነገር አልመጣም ነበር። ሌክ ከሚባለው ጎዳና በምስራቅ ያሉት ጋ ትእዛዙ ቀድሞ ደርሷል። ዋች ዱቲ የምትለው አፕ አለች እሳቱ የት እንደደረሰ ካርታ ላይ የሚያሳይ፣ እሱን እያየች ልጠብቅ ወይስ ልውጣ ትለኛለች። እኔ ምን እላታለሁ? አስራ ምናምን ሺህ ኪሎ ሜትር ርቄ ፒጃማዬን ለብሼ አልጋ ላይ ተቀምጫለሁ።

እማዬ ድምፃችንን ሰምታ መጣች። ስልኩን ከእጄ ወሰደችው፣ አየችው፣ ምንም አልጠየቀችም። ዘንቢልሽ የታለ ነው ያለቻት።

እህቴ ሻንጣውን ከፍ አድርጋ በካሜራ አሳየቻት። ከበሩ ጀርባ ነበር። እኔ እስከዛ ቀን ድረስ እንዳላት አላውቅም። ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ የልጅቷ የልደት ወረቀትና የክትባት ካርድ፣ የአስም መድሃኒቷ፣ ቻርጀር፣ ጥሬ ብር፣ ማስክ፣ ባትሪ፣ ሁለት ቀን የሚያቆይ ልብስ፣ እና ከድሬ የላክንላት በሶ።

ከዛ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል የሚሆን ነው፣ እኔ ግን አመት ነው የሆነብኝ። መብራት ጠፋ። የመኪና ማስገቢያው በር በኤሌክትሪክ የሚከፈት ነው፣ መብራት ሲጠፋ በእጅ የሚስቡት ገመድ እንዳለው ታውቃለች፣ ግን በጭንቀት እጇ እየተንቀጠቀጠ ሶስቴ ሞከረችው። መስኮቶቹን ዘጋች፣ መጋረጃዎቹን አወረደች፣ ሶፋውን ከመስኮቱ አራቀችው፣ ጋዙን ዘጋች፣ በሩን ገጥማ ሳትቆልፍ ተወችው እሳት አጥፊዎች መግባት ካስፈለጋቸው ብላ። ይሄን ሁሉ ማን አስተማረሽ አልኳት በኋላ፣ እዛ በየአመቱ ይነገረናል አለችኝ፣ ብዙ ሰው ወረቀቱን ይጥለዋል እንጂ። ለልጅቷ ረጅም ሱሪና የጥጥ ሹራብ አለበሰቻት፣ ናይለን ነገር ሙቀት ሲነካው ሰውነት ላይ ይቀልጣል።

ልጅቷን መኪና ውስጥ አስራ ሞተር ስታስነሳ እማዬ ጎረቤቶችሽስ ወጥተዋል ወይ አለቻት። ዝም አለች። አጥር የምትጋራት አንዲት አሮጊት አለች፣ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ያ ሰፈር ድሮ ጥቁሮች ሌላ ቦታ ቤት መግዛት በሚከለከሉበት ጊዜ ቤት የገዙበት ስለሆነ ብዙዎቹ ከአያት የወረሱት ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። ሴትየዋ ብቻዋን ናት፣ መኪና አትነዳም። እህቴ ሄዳ አንኳኳች፣ ስልኩ እጇ ላይ ስለሆነ ሁሉንም እንሰማለን። ሴትየዋ ትእዛዝ አልመጣም፣ አርባ አመት እዚ ኖሬያለሁ፣ ሁሌም ተራራው ላይ ያልቃል ትላለች። እህቴ ትለምናለች። እማዬ እንግሊዝኛ አትሰማም ግን የሚባለው ገብቷታል፣ እጇን ያዢ፣ ዝም ብለሽ እጇን ያዢ ትላለች ደጋግማ። እህቴ እጇን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፣ ሴትየዋ ጫማዋን እስክታደርግ አለቀቀቻትም።

ሁለት መንገድ ካለፉ በኋላ እህቴ የሰርጓን አልበም አልያዝኩም አለች። ልዙር አምስት ደቂቃ ነው አለች። እማዬ እንደዛ ስትጮህ ከ1998 ወዲህ ሰምቻት አላውቅም። ጎረቤት ሁሉ ነው የተነሳው። እህቴ አልዞረችም።

ፓሳዴና የስብሰባ ማእከል ሰው የሚያርፍበት ተደርጎ ነበር፣ እዛ ገቡ፣ ሴትየዋንም ልጇ እስኪመጣ አብራት አስተኛቻት። እኛ ጋ ከቀኑ 8 ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ለነሱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ25፣ ለምዕራቡ ክፍል ውጡ የሚለው ትእዛዝ ተሰጠ። ከወጡ ስድስት ሰዓት አልፏቸዋል። በዛ እሳት 19 ሰው ነው የሞተው፣ አብዛኞቹ ከሌክ ጎዳና በምዕራብ ያሉ ናቸው፣ ብዙዎቹ በእድሜ የገፉ። ከ9 ሺህ በላይ ቤትና ህንፃ ወደመ። እሳቱ ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ስር ዋለ የተባለው ጥር 23 ነው። የእህቴ ቤት ጭስ ማውጫው ብቻ ቆሞ ቀርቷል፣ የሴትየዋም እንደዛው።

አልበሙ ተቃጠለ። ግን ሰርጓ ላይ የተነሱት ፎቶዎች ጥቂቶቹ እማዬ ዘንቢል ውስጥ ያለችው አልበም ላይ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት አንድ በአንድ አውጥቼ በስልክ አንስቼ ላኩላት። አንዱ ላይ እኛ ሁለታችን ከነጫማችን ወንበር ላይ ቆመን እየጨፈርን ነው። እሱን ስታይ ረጅም ድምፅ ላከችልኝ፣ መሃሉ ላይ ለቅሶ ነው።

አሁን ሌላ ከተማ ተከራይታለች፣ እዛም ቢሆን ተራራ አለ፣ ካሊፎርኒያ ተራራ የሌለበት ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ቤቱን ስትገባ መጀመሪያ ያደረገችው ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ያለውን ቁጥቋጦና ደረቅ ነገር ነቅላ ጠጠር ማድረግ ነው፣ አሸንዳውን መጥረግ፣ ከሰፈሩ የሚያስወጡትን ሁለት መንገዶች በመኪና ሄዳ ማየት። ልጅቷ ንፋስ ሲነፍስ አሁንም አትተኛም። ስነልቦና ባለሙያ ጋ ትወስዳታለች። እዛ አሁን በጋ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ክረምቱ ገና ብዙ ይቀረዋል፣ ከሰዓት በኋላ ደንገጎ እንደገና ጠቁሮ ነበር።

ማታ ደወለች፣ ለሷ ጠዋት ነው። እማዬ ቆሎውን ጨርሳ ቋጥራ ዘንቢሏን ከበሩ ጀርባ መልሳ ተቀምጣ ነበር። ስልኩን ሰጠኋት። ሰላምታ ሳትጨርስ ንፋስ አለ ወይ አለቻት። ዛሬ የለም አለቻት።

"መኪናሽስ ፊቱ ወዴት ነው?"

"ወደ መንገዱ እማዬ።"

"በይ ልጄን አገናኚኝ።"