ደቂቃ የቆጠሩት አባት

ረዳት አሰልጣኝ ሆኜ የምሠራበት ከ12 ዓመት በታች የእግር ኳስ ቡድን ፍልስፍና አልጎደለውም ነበር። «ከውጤት በፊት ዕድገት» የሚል ጽሑፍ መልበሻ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተለጥፏል። ወላጆች ልጆቻቸውን ሊያስመዘግቡ ሲመጡ እናነብላቸዋለን። ደስ ይላቸዋል። እንዲህ ያለውን ማን ይጠላል?

አንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ግን አንድ አባት ተነሱና ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከውድድሩ መጀመሪያ አንስቶ እያንዳንዱ ልጅ ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ መዝግበዋል። የማንንም ልጅ ስም አልጠሩም፤ ቁጥሩን ብቻ አነበቡ። አንዳንዱ ልጅ ጭራሽ ተቀይሮ ወጥቶ አያውቅም። ሌላው የሚገባው ወይ በሰፊ ግብ ስንመራ፣ ወይ ደግሞ ነገሩ ካለቀለት በኋላ ነው። «ዕድገቱ ለየትኞቹ ነው?» አሉና ተቀመጡ።

ዋናው አሰልጣኛችን ዕድሜያቸውን ሜዳ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ወረቀቱን ለምነው ወሰዱ።

በማግስቱ ከደቂቃዎቹ ጎን የየልጁን የልደት ወር ጻፍንበት። ብዙ ከተቀመጡት ልጆች አብዛኞቹ በዕድሜ ምድቡ የመጨረሻ ወራት የተወለዱ ሆነው ተገኙ። ይህ የኛ ጉድ ብቻ አይደለም። በብዙ አገር የወጣት ቡድኖች ውስጥ በጥናት ደጋግሞ የታየ ነገር ነው። አንድ ምድብ ውስጥ በመጀመሪያው ወርና በመጨረሻው ወር የተወለዱ ልጆች የአንድ ዓመት ያህል ይበላለጣሉ። ለ11 ዓመት ልጅ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ ጉርምስና ለሁሉም እኩል አይመጣም። ወንዶች ቁመታቸው በፍጥነት የሚጨምረው አብዛኛውን ጊዜ 13 እና 14 ዓመት አካባቢ ቢሆንም አንዱ ልጅ ከጓደኛው ሁለት ዓመት ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ «ተሰጥኦ ያለው» ያልነው ልጅ ቀድሞ የረዘመ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በኔ እምነት እንዲህ ባለ ቡድን የሚጎዳው ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ልጅ ብቻ አይደለም። ፈጣኑ አጥቂም ይጎዳል። ረጅም ኳስ ይጣልለታል፣ ሮጦ ያገባል፣ ይጨበጨብለታል። ሌሎቹ አድገው ፍጥነቱ ላይ ሲደርሱበት ግን ሌላ የተማረው ነገር የለም።

ከዚያ ፍልስፍናውን እንደገና መጻፍ ጀመርን። የሌሎችንም አየን። ኖርዌይ ውስጥ የልጆች ስፖርት ደንብ ከ11 ዓመት በታች የውጤት ሰንጠረዥና ደረጃ እንዳይወጣ ይከለክላል። እንግሊዝ ከ12 ዓመት በታች ያሉትን 9 ለ 9፣ ማለትም በየቡድኑ ዘጠኝ ልጅ አድርጋ ታጫውታለች፤ 11 ለ 11 የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የወደድኩላቸው መፈክር አለመሆኑን ነው። ማንም ሰው ሜዳ ዳር ቆሞ ተከበረ ወይም ተጣሰ ሊል ይችላል።

ዋናው አሰልጣኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «እየተሸነፍንም የማንጥሰው ብቻ ይጻፍ።» ይህ ብዙ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር አስቀረ። የቀረው ይኼ ነው። ልምምድ የመጣ ልጅ ሁሉ የጨዋታውን ቢያንስ ግማሽ ይጫወታል። ቅያሪው ከጨዋታ በፊት ይጻፋል፤ ጉዳት ካልሆነ በቀር በውጤት ምክንያት አይነካም። በረኛው ኳሱን በአጭር ቅብብል ያስጀምራል፤ «ጠልዘው!» ብሎ የሚጮህበት አሰልጣኝ አይኖርም። ኳስ ለያዘ ልጅ ከዳር ምን ማድረግ እንዳለበት አይነገረውም፣ ምክንያቱም ውሳኔው የሱ ነው። ሁሉም በየተራ በረኛ ይሁን የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር። እኔ ተቃወምኩ። ልጁ እየፈራ ግብ ውስጥ ቢቆም ምን ይማራል? ለፈለገ ብቻ ብለን ተውነው።

ፈተናው ብዙም አልዘገየ። 1 ለ 0 እየመራን የቅያሪው ሰዓት ደረሰ። መውጣት ያለበት የቀኑ ምርጥ ተከላካያችን ነው፤ የሚገባው ደግሞ ትንሹ ልጅ። ከዳር ማጉረምረም ተጀመረ። ዋናው አሰልጣኝ ወረቀቱን አዩና ቀየሩ። ብዙም ሳይቆይ በረኛችን በአጭር አቀበለው፣ ልጁ ኳሱን ተነጠቀ፣ ገባብን። ደገሙንና 2 ለ 1 ተሸነፍን።

ፊሽካ እንደተነፋ አንድ ወላጅ ቀድመው ደረሱ። ደቂቃ የቆጠሩት አባት ናቸው። ያ የወጣው ተከላካይ የሳቸው ልጅ ነው!

«ኮች፣ ዛሬን እንኳ ቢያልፉት ምን ነበረበት? እየመራን እኮ ነበር!»

«የወጣበትን ደቂቃ መዝግበዋል?» አሉ አሰልጣኙ።

«አዎ።»

«የገባውንስ ልጅ?»

አባትየው ትንሽ ዝም አሉና ሳቃቸው መጣ። ንዴታቸው ግን ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው አልመሰለኝም። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ተናድጄ ነበር።

በቀጣዩ ልምምድ ትንሹን ልጅ ምን እንዳየ ጠየቅነው። «አጥቂው ከኋላዬ መሆኑን አላየሁም» አለ። ስለዚህ ሦስት ልጆች ሁለት አጥቂዎችን አልፈው ከግብ ክልል ኳስ የሚያወጡበት ልምምድ ሠራን፤ ሥራው ኳሱ ሳይደርስ ዞር ብሎ ማየት ብቻ ነበር። ቅያሪውንም ሆነ አጭር ቅብብሉን አልነካንም። አንድ መስመር ግን ጨመርን፦ ተቀያሪ ልጅ ሰውነቱን ሳያሟሙቅ አይገባም። የዚያን ቀን ከወንበር ተነስቶ በቀጥታ ነበር የገባው።