በመብራት ወይስ በጋዝ?

ለንደን ዛሬም ቀኑን ሙሉ ስታካፋ ዋለች፤ እኔም ከሥራ የተመለስኩት ተኮራምቼ ነው። ስፈልገው የዋልኩትን ስህተት ያገኘሁት ከዓመት በፊት እኔው ራሴ ባስቀመጥኩት ቦታ ነበር።

አንዲት ባለ ሁለት ፎቅ የሕፃናት መዋያ የእንግሊዝን የሕንፃ ኃይል ደንብ እንደምታሟላ በሶፍትዌር ማሳየት ነበረብን። ውጤቱ ሲወጣ አለፈች፤ ያውም ከልክ በላይ አለፈች። አለቃዬ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ከወደቀ ሕንፃ ይልቅ ያለ ችግር ያለፈ ሕንፃ ያስፈራዋል።

ዛሬ መስኮቱን፣ ግድግዳውንና የአየር ፍሰቱን አንድ በአንድ መርምሬ ማሞቂያው ላይ ስደርስ፣ ዓይነቱ ሂት ፓምፕ (በኤሌክትሪክ ኃይል የውጭውን ሙቀት ስቦ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ማሽን)፣ ብቃቱም 3 ተብሎ ተሞልቷል፤ ከሥሩ ያለው የነዳጅ ዓይነት ግን «የተፈጥሮ ጋዝ» ይላል። ከአንድ አሮጌ ሥራ የቦይለር ቅንብር ስቀዳ ዓይነቱንና ብቃቱን ቀይሬ ነዳጁን ትቼው ኖሯል፤ ቢሯችን የገባው አዲሱ ልጅም ከእኔው ቀድቶታል። ሶፍትዌሩም አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ጋዝ አቃጥሎ ሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት የሚሰጥ ተአምረኛ ማሽን ሲያስገቡበት አንዲት ጥያቄ እንኳ አላነሣም።

አሁን በሥራ ላይ ባለው ስሌት አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ጋዝ 0.210 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቆጠርበታል፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ በዓመት አማካይ 0.136። ሁለቱም ለሦስት ሲካፈሉ ስህተቱ 0.045 የነበረውን 0.070 ስለሚያደርገው ሕንፃውን የሚጎዳ ይመስላል። ነገር ግን ሕንፃው የሚመዘነው ቅርጹን ከያዘ ምናባዊ ሕንፃ ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ የምናባዊው ማሞቂያም የሚወሰነው እኛ በሞላነው ነዳጅ ነው። ስለዚህ የእኛ ተአምረኛ ከተራ የጋዝ ቦይለር ጋር ታግሎ ጣለው። በፈረንጆቹ 2013 በወጣው ስሌት ኤሌክትሪክ 0.519 ስለነበር፣ ያኔ ቢሆን የካርቦኑ ቁጥር ራሱም ያዳላልን ነበር። ከዚያ ወዲህ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎቹ ተራ በተራ ተዘግተው፣ የመጨረሻውም ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጠፍቷል።

ስህተቱን ካረምኩ በኋላ ያልለቀቀኝ ቃሉ ነው። ነዳጅ ማለት የሚነድ ነገር ነው፤ ኤሌክትሪክን ግን እኛ ያደግንበት ሰፈር ምጣድም ሲያግል፣ ውኃም ሲያፈላ የሚያውቀው «መብራት» ብሎ ነው። ዓይኔ የነዳጅ ዓይነት የሚሞላባትን ያቺን ሳጥን የሚዘላት፣ ሂት ፓምፕ ነዳጅ ይኖረዋል ብሎ ጆሮዬ ስለማይቀበል ይሆን? (ሰበብ ፍለጋ ነው፤ አዲሱ ልጅ ሊቨርፑል ተወልዶ፣ አማርኛ ሳያውቅ እርሱም ዘሏታል።)

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ የእማዬን ወጥ ቤት በሐሳቤ መሙላት ጀመርኩ። ባለፈው እሑድ ስደውልላት፣ ወጡን በምን እየሠራች እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። «መብራት ካለ በመብራት፣ ከሄደ በከሰል፤ ምን አስጠየቀህ?» አለችኝ። ቡታጋዙም ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ በልጅነቴ ደግሞ ላምባ ነበረ። እንግዲህ የነዳጅ ዓይነት፦ ምን ልበል? መብራቱ በአብዛኛው የውኃ ኃይል ነው፤ ከሰሉ የአንድ ቦታ ዛፍ ነው፤ አንዷ ድስት ግን በሁለቱም ላይ ተጥዳ አንድ ወጥ ይወጣታል። ሙቀቱን ለሁለት ምንጮች በድርሻ መክፈል ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ድርሻውን ማን ይነግረኛል? መብራቱ መቼ እንደሚሄድ እርሷም አታውቅም፤ ከሰሉን ቀድማ ማያያዟን ብቻ ነው የምታውቀው። እኔ የተማርኩበትን ሳጥን እርሷ ስንት ዓመት በቃሏ ስትሞላው ኖራለች።

ሻይ ላፈላ ተነሥቼ ማንቆርቆሪያው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። የሙቅ ውኃው በሶፍትዌሩ ውስጥ የራሱ የነዳጅ ሳጥን አለው። እኔ ያረምኩት ማሞቂያውን ነው። የታረመውን ውጤት ደግሞ «አሁን እርግጠኛ ነኝ» ከሚል ደብዳቤ ጋር ለአለቃዬ ልኬዋለሁ። እነዚያ ሕፃናት እጃቸውን የሚታጠቡት በመብራት ነው ወይስ አሁንም በጋዝ?