ትንሽ ትንሽ

ሰኞ ጠዋት ገና በሩን ስንከፍት እማማ ጥንቸሉን በፎጣ ጠቅልለው ገቡ። ጀርባውን አጉብጦ ኩርምት ብሏል። ጥርሱን ያፋጫል። ጥንቸል ኩርምት ብሎ እንዲህ ሲያፋጭ አሞታል ማለት ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ውሃ አላለም፣ በጠጥም አልጣለም አሉኝ።

የምሠራው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ነው፤ የሐኪም ረዳት ነኝ። ሐበሻ ሲመጣ የማስተረጉመውም እኔ ነኝ። ለዚህኛው ግን ማንም አላሠለጠነኝም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጥፍሩን ሊያስቆርጡ መጥተው ነበር። የጥንቸሉ ባለቤት የልጅ ልጃቸው ነው፣ የሚመግቡት ግን እሳቸው ናቸው። ዶክተሩ ያን ቀን የሣር ድርቆሽ ከፊቱ አይጥፋ፣ ፍራፍሬ በጣም በትንሹ ይቻላል አለ። ስልኩ ይጮኻል፣ ሌላ ሰው ውሻ ይዞ ቆሟል። እኔም በጥድፊያ "ፍራፍሬ ትንሽ ትንሽ ይስጡት እማማ" ብዬ ሸኘኋቸው።

ትንሽ ትንሽ። እስቲ አስቡት፣ በአማርኛ ይህ ምን ማለት ነው? ቶሎ ቶሎ፣ ቀኑን ሙሉ፣ በየመሀሉ ማለትም ይሆናል። እሳቸውም እንደዚያው ነው የሰሙት። ጠዋት ግማሽ ሙዝ። ምሳ ሰዓት ፖም፣ ከነፍሬው። ማታ ደግሞ ለጾም ከተገዛው ተምር አንድ ሁለት። ሲነግሩኝ ምንም አልደበቁም፤ የታዘዙትን በደንብ እንደፈጸመ ሰው አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። "ደረቅ ሣር ብቻ እየበላ አሳዘነኝ እኮ፣ ሙዙን ካገኘ በኋላማ ድርቆሹን ዞር ብሎም አያየው" አሉ።

ችግሩ እዚያው ላይ ነው። የጥንቸል አንጀት የሚንቀሳቀሰው በድርቆሹ ቃጫ ነው። ጣፋጭ ሲለምድ ድርቆሹን ይተዋል፣ አንጀቱ ይዘገያል፣ ስኳሩ ደግሞ ምግቡን የሚያብላሉለትን ተሕዋስያን ያዛባና ሆዱ በጋዝ ይነፋል። ጥንቸል ማስመለስ አይችልም፣ የገባው ወደፊት ብቻ ነው የሚሄደው። ግማሽ ቀን ካልበላ ነገ አያለሁ አይባልም።

ዶክተሩ ራጅ አነሳው፣ ማስታገሻ ሰጠው፣ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ አስገባለት። ሁሉን ጨርሶ ወደ እኔ ዞረና "ይህን ሁሉ ስኳር ስጪው ያላት ማን እንደሆነ ጠይቂልኝ" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ንቀት ነበር፤ እሳቸው እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ንቀቱ ገብቷቸዋል።

ጠየቅኳቸው። እማማ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

"አንቺ አይደለሽም እንዴ ልጄ? ትንሽ ትንሽ ስጪው ያልሽኝ?"

ቁጣ የለበትም። እንዲያውም የረሳሁ መስሏቸው ሊያስታውሱኝ ነው። ዶክተሩ "ምን አለች?" ይላል። እኔም "ተሳስተው ነው፣ አልገባቸውም" አልኩት። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። እሱም ራሱን ነቅንቆ ወጣ። እማማም "ምን አለ?" አሉኝ፣ "ይድናል አለ" አልኳቸው። እንዲህ አላለም ነበር።

ያን ቀን በየጥቂት ሰዓቱ ገንፎ የመሰለውን የሕሙማን ምግብ በሲሪንጅ በጉንጩ በኩል ስሰጠው ዋልኩ። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አምስት በጠጥ ጣለ፣ እንደ ምስር ፍሬ ያነሱ። በሕይወቴ እንደዚያ በኩስ ተደስቼ አላውቅም። ለእማማ ስደውል "እሰይ፣ እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። ምርቃቱ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም።

ቤት ስገባ ግማሽ ሙዝ ፈጭቼ በሻይ ማንኪያ ለካሁት፣ ከ12 ማንኪያ አለፈ። 2 ኪሎ ለሚመዝን ጥንቸል የሚበቃው ቢበዛ 2 የሻይ ማንኪያ ነው፣ እሱም በየቀኑ ባይሆን ይመረጣል። በክብደት ካሰላችሁት ግማሽ ሙዝ ለሱ፣ 60 ኪሎ ሰው በአንድ ጊዜ 15 ሙዝ እንደመብላት ነው። የፖም ፍሬ ውስጡ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚያወጣ ነገር አለው፣ ፍሬው ሁሌም ተለቅሞ ይጣላል። ተምርና ዘቢብ ውሃቸው ወጥቶ ስኳሩ የቀረ ስለሆነ ባይሰጥ ይሻላል። ከ3 ወር በታች ላለ ግልገል ደግሞ ፍራፍሬ ጭራሽ አይነካም። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። ያን ቀንም አውቀው ነበር።

አሁን ሐበሻ ጥንቸል ይዞ ሲመጣ "ትንሽ" የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። የሻይ ማንኪያ አወጣለሁ፣ ጠርዙ ድረስ ብቻ፣ በሳምንት ሁለቴ ብዬ አሳያለሁ፣ መልሰው እንዲነግሩኝም እጠይቃለሁ።

እማማ ለምርመራ ሲመለሱ ቦርሳቸውን ከፍተው በሶፍት የተጠቀለለች ስስ የሙዝ ቁራጭ አሳዩኝ። "ይኸውልሽ፣ ይቺን ታክላለች?" አዎ አልኳቸው፣ ልክ ናት። ጥንቸሉ አሸተታት፣ በሁለት ንክሻ ጨረሳት።

ፋይሉ ላይ ግን የዚያ ሰኞ ማስታወሻ እስካሁን "አሳዳጊዋ መመሪያውን አልተረዱም" ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።