ከአያት እስከ ልጅ ልጅ፦ አንድ እሑድ በጢስ ዓባይ

የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ አዛውንትንም ሕፃንንም ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ የተመቸ ነው። ወደ ፏፏቴው የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ድንጋያማውን ቁልቁለት ወርዶ፣ በአላታ ድልድይ ተሻግሮና ዳገቱን ወጥቶ፣ ፏፏቴውን ፊት ለፊት ከሚያሳየው ጉብታ ላይ ያደርሳል። ሁለተኛው ደግሞ ከፏፏቴው በላይ፣ ወንዙ ረጋ ብሎ በሚፈስበት ቦታ በሞተር ጀልባ ከተሻገሩ በኋላ በማሳ መካከል በእግር የሚሄዱበት ሜዳማ መንገድ ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ወር መላው ቤተሰባችን በኪራይ ሚኒባስ ወደዚያ በወረደ ጊዜ ጉልበት ያለው በድልድዩ፣ ጉልበት የከዳው በጀልባው እንዲሄድና ከፏፏቴው ግርጌ እንድንገናኝ የወሰኑት አባቴ ናቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ቢሆኑም ራሳቸውን የመደቡት ከድልድዩ ቡድን ነበር።

ጥቅምት ለዚህ ጉዞ ከሁሉ የተሻለ ወር ይመስለኛል። ክረምቱ ስለወጣ ጭቃው ደርቋል፣ የጣና ሐይቅ ግን ገና ሙሉ ነው። በነሐሴ ውሃው ቢበዛም ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ መንገዱ ደረቅ ሆኖ ውሃው ያንሳል።

የአላታ ድልድይ በአጼ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የፖርቹጋል ድልድይ እያለ ይጠራዋል። አስጎብኚያችን ኖራው በእንቁላል የተቦካ መሆኑን ለልጆቹ ሲነግራቸው የሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ስንት እንቁላል እንደፈጀ ጠየቀው፤ አስጎብኚውም ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ወሬውን ወደ አጼ ሱስንዮስ መለሰው። ከድልድዩ በኋላ ያለው ዳገት አጭር ቢሆንም ጸሐይ ላይ ነው። ነጠላና ቅል የሚሸጡ ልጃገረዶች፣ ዋሽንት የሚነፉና ጅራፍ የሚያጮኹ እረኞች እስከ ጉብታው ድረስ ያጅባሉ። አጀቡ የሚሰለቸው ጎብኚ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አባቴ አረፍ ለማለት በፈለጉ ቁጥር የነጠላ ጥለት እየመረጡ ዋጋ ሲከራከሩ ስላየሁ፣ ሻጮቹ ለአዛውንት መንገደኛ ባለውለታ ናቸው ብዬ ደመደምሁ።

ከጉብታው ወርደንና ተንጠልጣዩን የእግር ድልድይ ተሻግረን ወደ ፏፏቴው ግርጌ ስንደርስ፣ አያቴ ከእናቴና ከሦስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ጋር ቀድመውን ደርሰው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ከጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የሚረጨው ውሃ እስከተቀመጡበት ስለሚደርስ ፊታቸው ረጥቧል። አባቴ ዝቅ ብለው፣ «እምዬ፣ ጀልባው አላስቸገረዎትም?» ሲሏቸው፣ «እኔን ምን ያስቸግረኛል? የተቸገረስ አንተ ነህ፤ ላብህን ጥረግ» አሏቸው።

ምሳችን የጾም ነበር። አያቴ ጽጌን ስለሚጾሙ፣ እርሳቸው ባሉበት ማንም ቅቤ የነካው ነገር ይዞ አይመጣም። ድፎ ዳቦ፣ የሱፍ ፍትፍትና በፔርሙስ የመጣ ቡና ቀረበ። ከዛፎቹ ላይ የወረደች ጦጣ ከድፎው አንድ ቁራሽ ነጥቃ በመውጣቷ ልጆቹ ከፏፏቴው ይልቅ እርሷን ሲመለከቱ ቆዩ።

ከምሳ በኋላ አያቴ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ከቋጠሮው ያወጡትን ነገር ግን ሁላችንም ከበን አየነው፤ አሮጌው የአንድ ብር ኖት ነው። ልጆቹ አንድ ብርን የሚያውቁት በሳንቲም ነውና ወረቀቱ ገንዘብ አልመሰላቸውም። በአንድ ወገኑ የአንድ ልጅ ፊት፣ በሌላው ወገን ወፎችና የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ታትመውበታል። ከብዙ መታጠፍ የተነሣ መሐሉ ተሸንትሯል፤ መስመሩም በትክክል በውሃው ላይ ያልፋል። የእህቴ ልጅ ኖቱን በሁለት እጁ ወጥሮ ከፏፏቴው ጋር አስተያየና፣ «እዚህኛው ላይ ውሃው ይበልጣል» አለ።

ልክ ነበር። ቁመቱ ከ40 ሜትር በላይ የሆነው ይህ ገደል፣ ወንዙ በሞላ ጊዜ እስከ 400 ሜትር ስፋት ያለው ውሃ ይወርድበታል። በዚያ እሑድ ግን ውሃው ገደሉን በሙሉ አልሸፈነውም፤ በብዙ ቦታ ተከፋፍሎ ስለሚወርድ በመካከሉ ጥቁሩ ዓለትና በላዩ የበቀለው ሣር ይታይ ነበር። ያን ጊዜ እያንዳንዱ የራሱን ጢስ ዓባይ ይተርክ ጀመር። አያቴ በንጉሡ ዘመን፣ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና ሙሽራ ሳሉ ሲመጡ ድምፁ ከሩቅ ይሰማ እንደነበርና በቅሏቸው አልራመድ እንዳለች አጫወቱን። አባቴ በ1970ዎቹ በተማሪነታቸው ያዩት ከአያቴ ብዙም የሚለይ አልነበረም፤ ማመንጫው 11 ሜጋዋት ገደማ ብቻ ስለነበር ከወንዙ የሚወስደው ጥቂት ነው። እኔ በ1996 ዓ.ም. መጋቢት ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ጋር ስመጣ ያየሁት ግን ራቁቱን የቆመ ዓለትና በአንድ ጥግ የሚወርድ ቀጭን ውሃ ነበር።

በመካከሉ የሆነው ነገር ውስብስብ አይደለም። 73 ሜጋዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ጣቢያዎቹ ውሃውን ከፏፏቴው በላይ በቦይ ወስደው ተርባይን ካዞሩበት በኋላ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመልሱታል፤ ስለዚህ ለማመንጫው የሚሄደው ውሃ ገደሉን ሳይነካ ያልፋል። ከሐይቁ የሚወጣው መጠንም ባሕር ዳር አጠገብ ባለው የጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ በር የሚወሰን ሆኗል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ሲመረቅ፣ ከሐይቁ ውሃ ጥቂት የማይባለው በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ በለስ ተፋሰስ መሄድ ጀመረ።

ይህን ስናገር የተቆጨሁ መስዬ ሳልታይ አልቀረሁም፤ አያቴ አቋረጡኝ። ልጆቻቸውን በኩራዝ ያሳደጉ ሰው ናቸው። «ውሃው ቢያምርም ከገደል ወድቆ መሄዱ ነው፤ መብራቱ ግን ቤት ይገባል» አሉ። እኔ በበኩሌ ነገሩን እንዲህ በአንድ ቃል ልዘጋው አልችልም፤ ምክንያቱም ነጠላ የሚሸጡት ልጃገረዶችም፣ ባለጀልባውም፣ አስጎብኚውም የሚኖሩት ከገደል በሚወድቀው ውሃ ነው። ቢያንስ ጎብኚ በሚበዛባቸው ወራት ለፏፏቴው የሚለቀቀው መጠን አስቀድሞ ቢታወቅ፣ ሰው ከሩቅ መጥቶ ዓለት ብቻ አይቶ ባልተመለሰ ነበር። አባቴ በዚህ ከእኔ ጋር ናቸው፤ እናቴ ግን ከአያቴ ጋር ቆመች፤ ክርክሩም እስከ ጀልባው ዘለቀ።

ለመመለስ ሁላችንም የመረጥነው የጀልባውን መንገድ ነው። ባለጀልባው አያቴን ክንዳቸውን ደግፎ ከመሐል አስቀመጣቸው፤ ልጆቹን ግን ግራና ቀኝ አከፋፍሎ እጃቸውን ከውሃው እንዳይነክሩ አስጠነቀቃቸው። የእህቴ ልጅ ኖቱን ለአያቴ መልሶ ሲያበቃ፣ «ውሃው ሁሉ ለፏፏቴው ቢለቀቅ መብራት ይጠፋል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ባለጀልባው ሞተሩን ሳይስብ በፊት መለሰለት፦ «ሳይለቀቅም ይጠፋል።»