ማታ ማታ የሚጠፋው ዋይፋይ

ደንበኛዬ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ እናት ናቸው። ከሒሳብ ሠራተኝነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰፈሩን ሱቆች ሒሳብ ቤታቸው ቁጭ ብለው ይሠራሉ። ኮምፒውተራቸው ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም የጫነላቸው ልጃቸው ነው፤ እሱ ክፍለ ሀገር ሥራ ሲያገኝ ጥገናው ወደ እኔ መጣ። አንድ ቀን ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ይሄ ኢንተርኔት ማታ ማታ እየጠፋ አስቸገረኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ከመገናኛ ታክሲ ተሰልፌ ሄድኩ። ስደርስ ኢንተርኔቱ ደህና ይሠራል። ሊኑክስ ላይ ዋይፋይ ሲቆራረጥ ብዙዎቻችን ቶሎ የምንጠረጥረው የዋይፋዩን የኃይል ቁጠባ ነው፤ እኔም እሱን ያዝኩ። ኔትወርኩን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ በኔትወርክ ማናጀር ሴቲንግ፣ 3 ቁጠባውን ያበራዋል፣ 2 ያጠፋዋል። 3ቱን 2 አደረግኩና ሪስታርት አደረግኩት። ግማሽ ሰዓት ሞከርኩት፤ አልተቋረጠም። ሒሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ስልኬ ጠራ። "አሁንም ሄደ።" ገንዘባቸውን ተቀብዬ ሥራው አለመሠራቱ ሌሊቱን ሙሉ ከነከነኝ።

ሁለተኛ የሄድኩት አመሻሽ ላይ ነው። ሁለት ተርሚናል፣ ማለትም ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት፣ ከፍቼ ሁለት ፒንግ አስነሳሁ፤ ፒንግ ወደ ሌላ መሣሪያ አጭር ጥሪ እየላከ መልስ የሚጠብቅ ትዕዛዝ ነው። አንዱ ወደ ራውተሩ፣ 192.168.1.1፤ ሌላው ከቤት ውጭ፣ ወደ ጎግል ሰርቨር፣ 8.8.8.8። ራውተሩ እየመለሰ የውጭው ዝም ካለ ጣጣው የመስመሩ ነው። ራውተሩም ዝም ካለ ግን ጣጣው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ስንት ክርክር ይገላግላል!

"እናቴ፣ እኔ እንደሌለሁ ቆጥረው የሁልጊዜ ሥራዎን ይሥሩ" አልኳቸው።

ሦስት ሰዓት እንዳለፈ ከመሳቢያ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አወጡ። መብራት ስለማያስተማምን የቀኑን ሥራ በየማታው ይገለብጣሉ። ከሲፒዩው ጀርባ ሰኩት፤ መገልበጥ ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም ፒንግ ቀጥ አለ።

የሲስተሙን ሎግ፣ ኮምፒውተሩ የሆነውን ከነሰዓቱ የሚመዘግብበትን፣ ከፈትኩ። የሳምንቱ ማታዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ከ21 ሰዓት በኋላ፣ በእኛ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ማለት ነው፣ መጀመሪያ የዲስኩ መሰካት ተጽፏል። ወዲያው ከሥሩ የዋይፋዩ መቋረጥ። መጀመሪያ በመጣሁበት ጠዋትም ይሄ ሎግ እዚያው ነበር፤ አልከፈትኩትም። ማታ ምን እንደሚሠሩም አልጠየቅኳቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኤስቢ 3.0፣ ዲስኩ የተሰካበት ፈጣኑ የዩኤስቢ ዓይነት፣ ዳታ ሲያስተላልፍ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ይረጫል። ኢንቴል በ2012 በጽሑፍ ያወጣው ጉዳይ ነው። ብዙው የቤት ዋይፋይም የሚሠራው በዚያው 2.4 ላይ ነው። የእሳቸው ትንሿ በዩኤስቢ የምትሰካ የዋይፋይ መቀበያ ደግሞ ከዲስኩ ጎን ለጎን ነው የተሰካችው። ራውተሩ ያለው ሳሎን ነው፤ ግድግዳ አልፎ የሚመጣው ደካማ ሲግናል አጠገቧ ባለው ጫጫታ ይዋጣል። ኡቡንቱ ምንም አላጠፋም። ዊንዶውስ ቢሆንም ያው ነበር።

ከቦርሳዬ የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን አውጥቼ ዋይፋይዋን ከዲስኩ አንድ ሜትር ያህል አራቅኳት። እንደገና ገለበጡ። ሁለቱም ፒንግ እስከ መጨረሻው መለሰ። ሌላ ጊዜ ዋይፋይዋን ሲቀይሩ 5 ጊጋኸርዝ ያላትን እንዲገዙ ነገርኳቸው፤ ራውተራቸው ይችላል።

ቦርሳቸውን ሲከፍቱ እጃቸውን ያዝኩ። ኤክስቴንሽኑን እዚያው ትቼላቸው ታክሲ ሳይጠፋ ወረድኩ።