ቢላዋ የነካው ቤግል

ባለፈው እሑድ ቤግል በሚባል መሀሉ ቀዳዳ ያለው ክብ ዳቦ የተሠራ ሳንድዊች ፎቶ ለጠፍኩ። አዲስ አበባ ያለችው አብሮ አደጌ ወዲያው «አንቺማ አልፎልሻል! ቁርስሽ ይህ ከሆነ ምሳሽ ምን ሊሆን ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። የዚያን ፎቶ ጉድ ለእሷ በስልክ ነግሬያታለሁ፤ ለእናንተም ልናገር።

ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ከአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ፣ ጉልበቴ እየተብረከረከ፣ ሁልጊዜ በመስታወቱ አሻግሬ እያየሁ የማልፈው የሰፈራችን ቁርስ ቤት ገባሁ። ቤግልን ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድ ስደተኞች ናቸው ለኒውዮርክ ያስለመዷት። ሊጡ መሀሉ ተቀዶ፣ ምድጃ ከመግባቱ በፊት በፈላ ውሃ ይቀቀላል። እኔ ግን የአምባሻ ታናሽ እህት መስላኝ ነበር።

ሻጩ ቀና እንኳ ሳይል «ሁሉም?» አለኝ። ሰሊጥ፣ ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና የፖፒ ዘር የተነሰነሰበት የቤግል ዓይነት ስሙ «ሁሉም» ነው። ምኑን አውቄ! «አዎ» አልኩ። እንቁላል? አዎ። አይብ? አዎ። ሳልሞን ዓሣ? አዎ። እምቢ ማለት ነውር ነው ብለው ያሳደጉን ሰዎች አንድ ቀን አሥር ሰው ከኋላቸው ተሰልፎ እዚህ ቁርስ ሲያዙ ባየሁ!

ሒሳቡ 17 ዶላር ከ42 ሳንቲም ሆነ። ካርዴን ቤት ረስቼዋለሁ፤ እጄ ላይ ያለው 10 ዶላር ነው። ሰሌዳው ደግሞ 16 ነው የሚለው። ለካስ በዚህ ከተማ ሳይቆረጥ ይዘውት የሚሄዱት ባዶ ቤግል ከሽያጭ ግብር ነፃ ነው፤ ቢላዋ ከነካው ግን 8.875 በመቶ ይጨመርበታል።

ከኋላዬ የቆሙ ሽማግሌ የጎደለውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉ። አገር ቤት ሒሳብ ለመክፈል እንደምንታገለው እጃቸውን ለቀም አድርጌ፣ ገንዘቡን ወደ ኪሳቸው ልመልስ ታገልኩ። እንግሊዝኛው ጠፍቶኝ «በሞቴ! አይሆንም!» እላለሁ። ሰውየው ደንግጠው ኪሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሰልፉ አጉረመረመ። ሻጩ ያኔ ቀና አለ፦ «እመቤት፣ ሰውየውን ልቀቂያቸው።»

ልቀቂያቸው! የወደቀ ሳንቲም ባይ ባለቤቱን ሮጬ የምፈልግ ሰው ኪስ አውላቂ ልምሰል? እስከ ዛሬ ጋደም ባልኩ ቁጥር ጆሮዬ ላይ የምታቃጭለው ይህች ቃል ናት።

ጥግ ይዤ ገመጥኩት። ዳቦው ጥርስ ይዞ ይጎትታል፤ እንቁላሉ ትኩስ ነው፤ በመሀሉ በጨው የታሸ እንጂ እሳት ያላየ ዓሣ አለ። ሰቀጠጠኝ። በዓል በመጣ ቁጥር ጥሬ ሥጋ በአዋዜ የምቆርጥ ሴት! ሦስተኛው ላይ ግን ዝም አልኩ። ይጣፍጣል፤ አልዋሽም። አይቡ በቀዳዳው ሾልኮ የሥራ ልብሴን አበላሸው እንጂ። ግማሹን ጠቅልዬ ወደ ቤት ይዤ ሄድኩ።

ለመምጣት ሻንጣ የምታዘጋጁ እህቶች፣ ያችን ጥቁር ዘር ጥቁር አዝሙድ ናት ብላችሁ እንዳትታለሉ። ፖፒ ኦፒየም የተባለው አደንዛዥ ዕፅ የሚገኝበት ተክል ነው፤ ዘሩን የበላ ሰው ለሥራ ቅጥር ሽንቱን ሲመረመር ሞርፊን ሊገኝበት ይችላል። ምርመራ በተቀጠረላችሁ ሰሞን ሰሊጥ ብቻ ያለበትን እዘዙ። «አይ» ማለትንም ቪዛ እየጠበቃችሁ ተለማመዱ።

አብሮ አደጌ ይህን ሁሉ ሰምታ «ግማሹን በልተሽው ከሆነ ፎቶው ላይ እንዴት ሙሉ ሆነ?» አለችኝ። የተገመጠውን ወገን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነዋ ያነሳሁት።