ቡላና ሴራሚኩ፦ የ13 ሳምንት ማስታወሻ

ለውሻ አዲስ ነኝ ማለት አልችልም። እናቴ ቤት ሁሌም ውሻ ነበረ። ግን ያ ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል፣ የት እንደሚሸና ማንም ጠይቆት አያውቅም። ግቢው ሰፊ፣ መሬቱ አፈር። እኔ አሁን የምኖረው ከታናሽ እህቴ ጋር ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ሊፍት የሚባል ነገር የለም።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ የአንድ ባልደረባዬ የድሮ ሰፈር ፈረሰ። ሰዉ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። አንድ ጎረምሳ ቡችላ ግን ፍርስራሹ ላይ ቀረ። ለቀናት እዚያው ሲዞር አይተን አላስችል አለኝና ይዤው መጣሁ። መልኩ ቡላ ስለሆነ ስሙም ቡላ ሆነ። የእንስሳት ሐኪሙ አፉን ከፍቶ አየና «የወተት ጥርሱን ጨርሷል፣ 7 ወር ገደማ ይሆነዋል» አለኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተወጋ፣ የትል መድኃኒት ዋጠ። ሽንቱም ተመረመረ። ይህን የመጨረሻውን እንዳትዘሉት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያለበትን ውሻ ሥርዓት አስተምራለሁ ማለት በከንቱ መድከም ነው።

ሐኪሙ አንድ ስሌትም ነገረኝ። የቡችላውን ዕድሜ በወር ቆጥረህ አንድ ትጨምራለህ፣ ቢበዛ ያን ያህል ሰዓት ሽንቱን ይይዛል። ቡላ እንግዲህ እስከ 8 ሰዓት ይችላል ማለት ነው። አለቀ በቃ አልኩ። የጨቅላ ቡችላ ጣጣ አለፈኝ፣ በሳምንት ይለምዳል።

በመጀመሪያው ሳምንት ቤት ውስጥ 19 ጊዜ ሸና። ኩሽናው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካላንደር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጭረት እያደረግኩ ነው የቆጠርኩት። በሁለተኛው ሳምንት 21 ሆነ።

የሚያበሽቀው ቁጥሩ አይደለም። 40 ደቂቃ ሙሉ ውጭ ይዤው እዞራለሁ፣ ጠብ አያደርግም። ደረጃውን እየሮጠ ይወጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሁለት እርምጃ ይገባና ፍሪጁ አጠገብ ይለቀዋል። ሆን ብሎ ነው አልኩ። እህቴም ሆን ብሎ ነው አለች። የግቢው ጥበቃ አባባ ደግሞ ምክራቸውን አልነፈጉኝም፦ «ልጄ፣ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ነከር አድርገህ አንድ ሁለት ብታቀምሰው ነገ አይደግመውም።»

አልመታሁትም። ግን አንድ ማታ ጮህኩበት፣ በደንብ ጮህኩበት። የተማረው ነገር ግልጽ ነበር፦ ይህ ሰውዬ እያየኝ መሽናት አደገኛ ነው። ከዚያ በኋላ አልጋ ሥር ገብቶ መሽናት ጀመረ። ይባስ ብሎ ውጭም እኔ አጠገቡ ካለሁ ጭራሽ እምቢ አለ። በአንድ ጩኸት አንድ ሳምንት ሙሉ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

በዚያው ሰሞን ነው የነጠላው ነገር የተፈጠረው። ሥራ ስሄድ በረንዳው ላይ ትቼው ነበር። በረንዳው ውኃ መውረጃ ቱቦ አለው። ቱቦው የሚያፈሰው 2ኛ ፎቅ በረንዳ ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ የእትዬ ነጠላ ተሰጥቶ ነበር፣ ለእሑድ ቅዳሴ የታጠበ። ማታ ደረጃ ላይ ጠበቁኝ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ውሻህ ነጠላዬን አጠመቀው እኮ!» ወስጄ ራሴ በእጄ አጠብኩት። ግማሽ ኪሎ ቡናም ጨመርኩ። ይቅር አሉኝ፣ ቡላን ግን ገና ነበሩ።

ነገሩ የበራልኝ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ከሽንቱ ይልቅ ውሻውን ማየት ስጀምር ነው። ውጭ ስንወጣ ጆሮው ይቆማል፣ ጭራው እግሮቹ መካከል ይገባል፣ መሬቱን እንኳ አያሸትም። ለካ ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ አራት የሰፈር ውሾች አሉ። መሬቱ የእነሱ ነው። ለመሽናት ዝቅ ማለት ደግሞ ለቡላ በጠላት ፊት መንበርከክ ነው። ስለዚህ ይይዘዋል። 7 ወር የሞላው ውሻ መያዝ ይችላላ! የሚለቀው የሚያምነው ቦታ ሲደርስ ነው፣ እሱም የእኔ ኮሪደር ሆነ። መያዝ አቅቶት ቢሆን ውጭም ያመልጠው ነበር። ችግሩ ውጭ ላይ ልቡ አለመረጋጋቱ ነው። እኔ ደግሞ ቤቱን ሳሻሽል ነው የከረምኩት።

ሁለተኛው ነገር እግሩ ሥር ያለው ነው። ውሻ በሕፃንነቱ የለመደውን መሬት አይረሳም። ቡላ ያደገው አፈር ላይ ነው። የኛ ግቢ ደግሞ በአብዛኛው ኮብልስቶን ነው። ሮቶው ጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ሁለት ሜትር የማትሞላ አፈር አገኘሁ። ውሾቹ አይደርሱባትም፣ ሰውም አያልፍባትም። ሽንቱን የጠረግኩበትን ጋዜጣ በፌስታል ይዤ ወርጄ እዚያ አኖርኩት። የራሱ ሽታ እንዲቀበለው ነው። ጥበቃው አባባ አይተው አማተቡ።

ከዚያ ዙሩን ተውኩት። በቀጥታ ወደ ሮቶው፣ አጭር ገመድ፣ እኔ ዛፍ ሆኜ እቆማለሁ። አላናግረውም፣ አላየውም። 10 ደቂቃ ካለፈ እንመለሳለን። ቤት ስንገባ ግን ገመዱን ከወገቤ ጋር አስሬ ነው የምንቀሳቀሰው፣ ከዓይኔ አይጠፋም። ሩብ ሰዓት ቆይተን እንደገና እንወርዳለን። 3 ፎቅ፣ በቀን አንዳንዴ ስምንት ጊዜ። ኪሎዬ ቀንሷል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሸና። ረጅም ሽንት። የደስታዬን ነገር አታንሱ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ልናገር። ሽልማቱን፣ ማለትም የተቀቀለ ሳንባ ቁራጭ፣ መጀመሪያ የምሰጠው ቤት ስንገባ ነበር። እሱ የገባው ደረጃ መውጣት ሳንባ ያስገኛል የሚል ነው። ሽንቱን እንደ ጨረሰ፣ እዚያው፣ ገና ሳይንቀሳቀስ መስጠት ያስፈልጋል። ሲጀምር «ሹሹ» እላለሁ፣ ሲጨርስ ሳንባ። አሁን «ሹሹ» ስለው ቦታ መፈለግ ይጀምራል። ጎረቤት ሲሰማኝ ትንሽ አፍራለሁ፣ ግን ሠርቷል።

ስለ ማጽዳት። እኔ እንደ ማንኛውም ሰው በበረኪና ነበር የጀመርኩት። ዓይኔን አቃጠለኝ። ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ይወጣዋል፣ በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ደግሞ የሚያፍን ጋዝ ይፈጥራል። ቡላም ፍሪጁ አጠገብ መመለሱን አልተወም። ሽታው ሴራሚኩ መጋጠሚያ ውስጥ ተደብቆ ነበር። አሁን መጀመሪያ በጨርቅ አደርቀዋለሁ፣ በሳሙናና በውኃ አጥባለሁ፣ ከዚያ አቼቶ በውኃ እኩል ቀጥኖ እንዲቆይበት አደርጋለሁ። አቼቶና በረኪናን ግን በአንድ ላይ እንዳትጠቀሙ፣ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ለዚህ ብቻ አንድ ጀሪካን ለይታችሁ አስቀምጡ። ምንጣፎቹን ሁሉ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅያለሁ፣ ለስላሳ ነገር ከእግሩ ሥር ሲያገኝ አፈር ይመስለዋልና።

ምግቡም ነበረበት። እህቴ የተረፈ እንጀራ በሽሮ ትሰጠው ነበር። ጨዉ ውኃ ያስጠጣዋል፣ ውኃው ተመልሶ ወለል ላይ ነው። ሽንኩርት ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው፣ የኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት የት አለ? አሁን ሩዝና ሳንባ ተቀቅሎ፣ ጨው ሳይነካው፣ ጠዋትና 11 ሰዓት ላይ ብቻ። ከበላ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ካካው ይመጣል፣ ሰዓት ይሞላበታል ማለት ይቻላል።

በሦስተኛው ሳምንት 11፣ በአራተኛው 5። ከዚያ እህቴ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ገባች። ቀን 6 ሰዓት ላይ የሚያወርደው ጠፋ፣ ወደ 8 ተመለስን። ያ የእሱ ጥፋት አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር ለብቻው መቁጠር ነበረብኝ። ከሥራ ስመለስ ጎንበስ ብዬ ሳሻሸው ጠብ ጠብ ያደርግ ነበር። ይህ ሥርዓት አለመማር ሳይሆን ፍርሃትና አክብሮት ነው፣ «አታጥቃኝ» ማለቱ ነው። መቆጣት ያባብሰዋል። አሁን ስገባ ዞር ብዬ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ እስኪረጋጋ አላየውም፣ ከዚያ ተቀምጬ ደረቱን ነው የማሻሸው፣ አናቱን አይደለም። በሁለት ሳምንት ጠፋ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ መጣ። ፍርስራሽ ላይ ያደረ ውሻ ዝናብ ይፈራል ብዬ አልጠበቅኩም። ደረጃው አፍ ላይ ቆሞ ያየኛል። ጃንጥላ ዘረጋሁለት፣ ጃንጥላውንም ፈራ። በመጨረሻ ከሮቶው አጥር ጋር አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ አስደግፌ ጣሪያ ሠራሁለት። ጥበቃው አባባ ሚስማር የመታሁበትን መዶሻ አቀበሉኝ። ምንም አላሉም።

በአሥረኛው ሳምንት ዜሮ። ካላንደሩን ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁ። «ውሻ ቤት ውስጥ አስገብተህ ደግሞ ትኮራለህ?» ብላ መለሰችልኝ።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ረስቼው ነበር። ከዋዜማው ጀምሮ ጅራፍ መጮህ ጀመረ፣ ቡላ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማታ ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ በራችን ላይ ደረሱ። ዱላቸውን ሲመቱ ደረጃው ሲያስተጋባ፣ ቡላ በቆመበት ለቀቀው። ዱላ የያዘ ሰው ለእሱ ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። በዚያ ሳምንት 4 ጭረት። አልተቆጣሁም፣ ጠረግኩ። ልጆቹን አሳዝኗቸው አንደኛው ዱላውን ጥሎ ከሙልሙሉ ቆርሶ ሰጠው። ለከርሞ በዕለቱ እናቴ ጋር ግቢ ይዤው እሄዳለሁ።

ይኸው አሁን ጳጉሜን ነው። 12ኛው ሳምንት ዜሮ፣ 13ኛው 1፣ እሱም እኔ አርፍጄ። የቀረን ነገር ቡላ መውጣት ሲፈልግ አለመጮሁ ነው። በሩ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ካላየሁት ያልቃል። ስለዚህ ከበሩ እጀታ ላይ ትንሽ ቃጭል አንጠለጠልኩ። በወጣን ቁጥር በአፍንጫው እንዲነካው አደረግኩ። በአምስት ቀን ገባው።

ችግሩ ከሚገባው በላይ ገባው። ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደወለ፣ ተንደርድሬ ተነሥቼ ጫማ ሳላጠልቅ አወረድኩት። ሮቶው ጋ ደርሶ ቁጭ አለና አጥሩ ላይ ያለችውን ድመት ማየት ጀመረ። ስንመለስ 2ኛ ፎቅ ላይ እትዬ በራቸውን ገርበብ አድርገው ቆመዋል፣ ነጠላቸውን ተከናንበው። «ቃጭል ሰምቼ እኮ» አሉኝ፣ «ቅዳሴው ያመለጠኝ መስሎኝ!»